«ምን አጥፍተው ነው ይቅርታ የሚሉን?»

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ዕቃ ሳጥብ፣ የመኪና መጨናነቅ ይዞኝ ስቀመጥ ወይም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሁንም ተመልሶ ይመጣብኛል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች በሕክምና አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያለውን በአማርኛ፣ ታካሚው በአማርኛ ያለውን በእንግሊዝኛ መመለስ ነው፤ ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ። የሰው ምስጢር በመሆኑ የቤተሰቡን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼዋለሁ፣ አንዳንዱንም ለውጬዋለሁ። ቃላቱን ግን አልነካሁም፤ የምጽፈውም ስለ ቃላቱ ነው።

አባትየው ለሆድ ቀዶ ጥገና ገብተው ነበር። አራት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ለቤተሰቡ ተነግሯል። እናት፣ ትልቁ ልጅና እኔ በአንዲት መስኮት አልባ የመጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል። እናት ከቤት ይዘውት የመጡትን ድፎ ዳቦ በወረቀት ፎጣ ላይ ቆርሰው «ብላ እንጂ ልጄ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጾምም» እያሉ ወደ እኔ ይገፋሉ። ልጁ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ገና አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ ሳይሞላ በሩ ተከፈተና ቀዶ ጥገናውን የምትመራው ሐኪም ገባች። የራስ መሸፈኛዋን አላወለቀችም። ወንበር ስባ ከእናት ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ሁለት እጆቿን ዝቅ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አኖረችና «አይ አም ሶ ሶሪ» አለች።

እኔም ሳላቅማማ «በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን እንደ አመጣጡ ተረጎምኩ። ሆዳቸው ሲከፈት በሽታው ከምርመራው ፎቶ ላይ ከታየው አልፎ ወደ ጉበት ተሠራጭቶ መገኘቱን፣ ቆርጦ ማውጣቱ ከመጥቀም ይልቅ የሚጎዳ በመሆኑ ሳይነኩ መልሰው መዝጋታቸውን፣ አባት አሁን በማገገሚያ ክፍል እንዳሉና በሚቀጥለው ቀን ከሌላ ሐኪም ጋር ስለ መድኃኒት ሕክምና እንደሚነጋገሩ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ አልኩ። ልጁ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላለፈም። አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ምን አጥፍተው ነው ይቅርታ የሚሉን?» አለ።

የሙያው ደንብ ይህንንም እንዳለ እንድተረጉም ያዘኛል፤ ተረጎምኩት። የሐኪሟ እጆች ከጠረጴዛው ላይ ተነሥተው ወደ ጭኗ ሲወርዱ አየሁ። ፊቷ አልተለወጠም፤ እጆቿ ግን ሄዱ። «ምንም የተፈጸመ ስሕተት የለም» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየመረጠች። እኔም አልኩት። ልጁ ወዲያው «ታዲያ ለምን ይቅርታ አሉ?» ሲል መለሰ። ለአራት ሰዓት የገባ ሰው በአንድ ሰዓት ከሩብ ወጥቷል፤ የመጀመሪያው ቃል ይቅርታ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ምንም አልተሳሳትንም ነው። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚህ የተለየ ነገር አልጠረጥርም ነበር።

እጄን አነሣሁና «አስተርጓሚው ማብራሪያ ለመስጠት ይፈቀድለት» አልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ራሳችን በሩቅ አድራጊ ነው የምንናገረው። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ ሐኪሟ የተናገረችው ቃል የጥፋት ቃል ሳይሆን ነገሩ እርሷንም እንደ ከበዳት የሚገልጽ መሆኑን አስረዳሁ። ልጁ «እሺ፣ ገባኝ» አለ። አልገባውም ነበር፤ ወይም ገብቶት አላመነም። በሳምንቱ ለሌላ ቀጠሮ ስጠራ፣ የአባቱን የሕክምና መዝገብ ሙሉ ቅጂ የሚጠይቅ ቅጽ ይዞ አገኘሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሥራዬ ላይ ደግሞ ከአፌ የሚወጣው ቃል የእኔ እንኳ አይደለም፤ በሰው ስም የሚወጣ ነው።

ምን ማለት ነበረብኝ?

በአሜሪካ የሚገኘው የጤና አስተርጓሚነት ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ አስተርጓሚው የንግግሩን ይዘትና መንፈስ፣ ባህላዊ አገባቡን ከግምት አስገብቶ እንዲያስተላልፍ ይጠይቃል። እኔ ያስተላለፍኩት ይዘቱንም መንፈሱንም አልነበረም፤ ከአራተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተሬ ያወጣሁትን ትርጉም ነው። «ሶሪ ማለት ይቅርታ ማለት ነው» ብለን በቃል ያጠናነው ትውልድ ብዙ ነን። ሰሌዳው ላይ በተጻፈበት ጊዜ ትክክል ነበር፤ እስክሪብቶ ተውሶ የጠፋበት ልጅ የሚለው እርሱን ነበርና።

ይቅርታ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ይቅር» ስንል «ይተው፣ አይከተለን፣ እዚያው ይቅር» ማለታችን ነው። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ የሚቀር ነገር መኖር አለበት፤ ጥፋት፣ ቂም ወይም ዕዳ። የሚያስቀረው ሰውም መኖር አለበት፤ እርሱም ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ሲቆም፣ ሽማግሌዎቹ ምንም ያህል ቢለምኑ፣ ተበዳዩ ራሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስካላለ ድረስ ነገሩ ያበቃ አይባልም። ይቅርታ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይፈልጋል። ልጁ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄ እንደ ቀረበለት ሰው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ይቅር የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀ። ከእኛ ሁሉ አማርኛውን በትክክል የሰማው እርሱ ብቻ ነበር።

«አዝናለሁ» ብልስ? ብዙ ባልደረቦቼ የሚመርጡት ይህንን ነው፤ በመጻሕፍት ትርጉምም የተለመደ ነው። ነገር ግን ሐዘን በእኛ ዘንድ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ድንኳን ያለው፣ ፍራሽ የሚነጠፍለት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ነገር ነው። «ሐዘን ላይ ነች» ስንል ሰው ሞቶባታል ማለታችን እንጂ ከፍቷታል ማለታችን አይደለም። ከቀዶ ጥገና ክፍል የወጣች ሐኪም በመጀመሪያ ቃሏ «በጣም አዝናለሁ» ብትል፣ እናት ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሳይሰሙ ደረታቸውን ሊመቱ ይችሉ ነበር። ደግሞም ቃሉ ሌላ ጀርባ አለው። «በአንተ አዝኛለሁ» ማለት ወቀሳ ነው፤ አባት ለልጁ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚለው ነው።

«እግዚአብሔር ያበርታችሁ» ብልስ? መንፈሱን በመያዝ ረገድ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነበር። አንድ አበሻ ሐኪም በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የሚለው ይህንኑ ወይም ተመሳሳዩን ይመስለኛል። ሐኪሟ ግን እግዚአብሔርን አልጠራችም፤ እኔ በእርሷ አፍ ልጠራ አልችልም። እንግዲህ በሦስት በሮች መካከል ቆሜ ነበር ማለት ነው፤ አንደኛው ወደ ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛው ወደ ለቅሶ ቤት፣ ሦስተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገቡ። ለመምረጥ የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ትንፋሽ ነበር። አሁን ሲገጥመኝ «ይህን ስነግራችሁ በጣም ከብዶኝ ነው» እላለሁ። ውበት የለውም፤ ነገር ግን «ምን አጥፍተው ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም።

ቁስለኛ ነኝ

ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉን ራሱን መከታተል ጀመርኩ። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሳር» ቁስል ወይም ሕመም ማለት ነበር። (ከእኛ ሣር ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው፤ ዝምድና የሚፈልግ አንባቢ እንዳይደክም ብዬ ነው።) በዚህ ስም ላይ ባለቤትነትን የሚያመለክት መድረሻ ሲጨመርበት «ሳሪግ» ሆነ። መድረሻው የእኛን «-ኛ» ይመስላል፤ ከቁስል ቁስለኛ፣ ከሕመም ሕመምተኛ እንደምንለው። በቀጥታ ቢመለስ «ሳሪግ» ማለት ቁስለኛ ማለት ነው፤ ትርጉሙ ግን ከመጀመሪያው ለሥጋ ቁስል ሳይሆን ለልብ ቁስል ነበር። ዛሬ «አይ አም ሶሪ» የሚለው ሰው በሥሩ የሚናገረው «ቁስለኛ ነኝ» የሚል ነገር ነው። ጥፋት የለበትም፤ ልመናም የለበትም።

ድምፁ እንዴት ከ«ሳሪግ» ወደ «ሶሪ» እንደ መጣ ማየት ለእንዲህ ዓይነት ነገር ለሚደሰት ሰው ደስ ይላል። በደቡብ እንግሊዝ ረጅሙ «ኣ» በመካከለኛው ዘመን ወደ «ኦ» ሄደ፤ «ስታን» የነበረው ድንጋይ «ስቶን»፣ «ሃም» የነበረው ቤት «ሆም»፣ «ሳር» የነበረው ቁስልም «ሶር» የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ለውጡ ያልደረሰበት የስኮትላንድ ንግግር እስከ ዛሬ ቁስለቱን «ሴር» ይለዋል። ጀርመኖች ደግሞ የዚህኑ ሥር ዘመድ «ዜር» ብለው ይዘውት «በጣም» የሚል ትርጉም ሰጥተውታል፤ መጀመሪያ «በሚያም ሁኔታ» ማለት ነበር። አማርኛም «ክፉኛ ወደዳት» ሲል እንዲሁ ያደርጋል፤ ክፋቱ ጠፍቶ ብዛቱ ይቀራል።

ያስገረመኝ ሌላ ነገር አለ። «ሶሪ»ን ከ«ሶሮው»፣ ማለትም ሐዘን ከሚለው ቃል ጋር የማያዛምድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ለዓመታት አንዱ የሌላው ልጅ ነው ብዬ አምን ነበር። ዝምድና የላቸውም። «ሶሮው» ከሌላ ሥር የመጣ ነው፤ የጀርመንኛው ዘመዱ «ዞርገ» ሐሳብንና ጭንቀትን ያመለክታል። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ ተናጋሪዎች አንዱን ሲያነሡ ሌላውን እያሰቡ፣ የ«ሶሪ» አናባቢ ወደ «ሶሮው» ተጎትቶ አጠረ። ጎረቤታሞች በአንድ ዕድር ሲቆዩ ዘመድ እንደሚመስሉት ነው።

ታዲያ ጥፋት ከየት ገባ? በእኔ ግምት በንስሓ በኩል ነው። ስለ ኃጢአቱ ልቡ የቆሰለ ሰው ቁስሉን ሲናገር ኃጢአቱንም አብሮ ይናገራል፤ ያ ሲደጋገም ሰሚው ከቁስሉ ጀርባ ጥፋቱን መስማት ይለምዳል። በጎን ደግሞ ሌላ ትርጉም በቀለ፤ ቁስለኛ የሆነ ነገር ምስኪን፣ ውዳቂ፣ የማይረባ ሆነ። በሼክስፒር ተውኔት ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ሲመለስ በደም የተነከሩ እጆቹን እያየ የሚጠቀመው በዚህ ቃል ነው፤ የሚያሳዝን ትዕይንት ነው ይላል። በአንድ ቃል ቁስሉም፣ አስቀያሚነቱም፣ ጥፋቱም አለ፤ ጸሐፊው የትኛውን እንዳሰበ ለመለየት መታገል ትርፍ ድካም ይመስለኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ «አይ አም» የሚለው ተቆርጦ ቃሉ ብቻውን መቆም ጀመረ፤ «ነኝ» የሚለው ወደቀና «ቁስለኛ» ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ ትከሻ ለነካም፣ ያልሰማውን እንዲደገምለት ለሚፈልግም፣ ከሊፍት ለሚወጣም የሚያገለግል ሆነ።

የጨዋውና የደብዳቤው ቃል «አፖሎጂ» ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው የሚሄድ ነው። ከግሪክ የመጣ ሲሆን የመከላከያ ንግግር ማለት ነበር። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴና ዳኞች ፊት ያደረገው ንግግር በዚህ ስም ይጠራል፤ በንግግሩ ግን አላጠፋሁም አለ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም። እንግሊዝኛም ቃሉን ሲወስድ መጀመሪያ «ራስን መከላከል» በሚለው ትርጉሙ ነበር። ራስን መከላከያ የነበረው ቃል ጥፋትን ማመኛ ሆነ፤ ቁስልን መናገሪያ የነበረው ቃል ደግሞ ዛሬ ጠበቃ የሚፈራው ሆነ።

እኛ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ቁስሉ የተወጋው ነው፤ የማስታወስ መብትም የእርሱ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል የሚያደናግረኝ በዚህ ላይ ነው። የወጋው ሰው ተነሥቶ «ቁስለኛ ነኝ» ይላል፤ የተወጋውም ሰው፣ አጠገባቸው የቆመውም ምንም የማያገባው ሰው እንዲሁ «ቁስለኛ ነኝ» ይላል። ሦስቱን በድምፃቸው እንጂ በቃላቸው መለየት አይቻልም። ሐኪሟ ሦስተኛዋ ነበረች። እኔ መጀመሪያው አደረግኋት።

ቃሉን ለሁለት የከፈሉት

በዚህ ቃል የተቸገርኩት እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ፈቃድ ሳያገኝ በሃይናን ደሴት አረፈና 24 ሠራተኞቹ ተያዙ። ቤጂንግ የጠየቀችው ጥፋትን የሚያምን ይቅርታ ነበር፤ ዋሽንግተን ደግሞ ጥፋተኛ አይደለሁም ባይ ነበረች። ከአሥር ቀን ድርድር በኋላ የአሜሪካው አምባሳደር በሰጡት ደብዳቤ ላይ «በጣም ሶሪ» የሚለው ሐረግ ሁለት ጊዜ ሰፈረ፤ አንዱ ስለ አብራሪው ሞት፣ ሌላው ያለ ፈቃድ ስለ ማረፉ። «አፖሎጂ» የሚል ቃል አልነበረበትም። የቻይና ወገን ደብዳቤውን በራሱ ቋንቋ ሲያቀርብ ከይቅርታ የሚቀርብ ሐረግ መረጠ። ሠራተኞቹ ተለቀቁ። ሁለቱም መንግሥታት ለሕዝባቸው አሸንፈናል ማለት ቻሉ። እኔን በመጠበቂያ ክፍሉ ያዋረደኝ የትርጉም ክፍተት፣ በዚያ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ በር ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ ከዚህ የመረረ ነገር ሆኗል። ከነባር ሕዝቦች እቅፍ በመንግሥት እየተነጠቁ ስለ ተወሰዱት ልጆች የሚያትተው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ በኋላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በ1999 ለምክር ቤቱ ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ላይ ጥልቅ ጸጸት እንዲገለጽ አደረጉ እንጂ «ሶሪ» የምትለውን ቃል አላስገቡም። ከእርሳቸው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኬቪን ራድ እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2008 በምክር ቤቱ ቆመው «ሶሪ እንላለን» ሲሉ፣ የሰው ዕንባ የወረደው ለዚህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው። የነባሮቹ ሕዝቦች እንግሊዝኛ ደግሞ የለቅሶና የቀብር ሥርዓትን «የሶሪ ጉዳይ» ብሎ ይጠራል። የሺህ ዓመቱ ቁስል ከለንደን ይልቅ በእነርሱ አፍ ጤነኛ ሆኖ ኖሯል።

ነገር ግን ከሁሉ በላይ ከእኔ ታሪክ ጋር የሚገጥመው የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕግ ነው። የአንድ የግዛቱ ሴናተር ልጅ እ.ኤ.አ. በ1974 በብስክሌት ስትሄድ በመኪና ተገጭታ ሞተች። ሹፌሩ ለአባትየው አንድም የሐዘኔታ ቃል ሳይተነፍስ ቀረ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ቃሉ በፍርድ ቤት ጥፋትን እንደ ማመን ሊቆጠርበት ስለሚችል እንደ ሆነ ተነገራቸው። ከዓመታት በኋላ፣ በ1986፣ ግዛቱ በአደጋ ለተጎዳ ሰው ወይም ለቤተሰቡ የሚነገር የሐዘኔታ ቃል ተጠያቂነትን ለማሳየት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ዛሬ ከ30 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። አብዛኞቹ የሐዘኔታውን ክፍል ብቻ ይጠብቃሉ፤ «ሶሪ፣ ደም ሥሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» የሚለው ግን ማስረጃ ከመሆን አያመልጥም። ኮሎራዶ በ2003 ባወጣችው ሕግ ሁለቱንም ጠብቃለች።

ሕግ አውጪዎቹ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ለሁለት የከፈሉትን፣ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ቃል ከፍሎ ያስቀመጠው መሆኑ ያስቀኛል። ሐኪሟ የተናገረችው በሕግ የተጠበቀውን ግማሽ ነበር። እኔ በአማርኛ ያልተጠበቀውን ግማሽ ሰጠኋቸው።

እኔን

በአዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ እግር የረገጠ ወጣት «ሶሪ» ይላል። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ቋንቋችን ምን ጎደለውና ይላሉ። ጎድሎበት አይመስለኝም፤ ለተረገጠ ጫማ ይቅርታ መጠየቅ ከጥፋቱ በላይ ስለሚከብድ ቀለል ያለውን ተዋሰ። «ገጭቶኝ ሶሪ ብሎኝ ሄደ!» ብሎ የሚማረር ሽማግሌም ልዩነቱን በደንብ ያውቃል፤ መልስ ያልጠየቀ ሰው ይቅርታ ጠየቀ አይባልምና። ይህን ስል ይቅርታም ራሱ እየሣሣ መምጣቱን አልዘነጋም። «ይቅርታ፣ ሰዓት ስንት ነው?» የሚል ሰው ምን አጥፍቶ ነው?

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ኬንያዊት ረዳት ነርስ አለች። ታካሚ ሲያስነጥሰው፣ ባልደረባዋ ወረቀት ሲበተንባት፣ «ሶሪ፣ ሶሪ» ትላለች። አሜሪካኖቹ «አንቺ ምን አደረግሽ?» እያሉ ይመልሱላታል። እርሷ በእንግሊዝኛ ድምፅ የምትናገረው ስዋሂሊውን «ፖሌ» ነው፤ ሌላው ሲጎዳ ከአጠገቡ የቆመ ሰው የሚለውን። የእኛ አቻው ደግሞ «እኔን» ነው። ይህ ቃል ግስ የለውም። «እኔ» ላይ የተሳቢ ምልክት ብቻ ተጨምሮበት የቆመ ነው፤ እኔን ይምታኝ፣ እኔን ያድርገኝ፣ ለአንተ የመጣው እኔን ያግኘኝ። ጎረቤት የማታውቀውን ልጅ እንቅፋት ሲመታው ከበረንዳዋ «እኔን!» ትላለች። ቁስለኛ ነኝ አትልም፣ ይቅር በለኝም አትልም፤ ቁስሉን ወደ ራሷ ትጠራለች። ይህን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚያመጣልኝ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ይህን የማነሣው በዚያች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ስለ ተባለ ነው። ማብራሪያዬን ሰጥቼ፣ ልጁ «ገባኝ» ብሎ፣ ዝምታ ከሆነ በኋላ ሐኪሟ ለመሄድ ተነሣች። ስትነሣ ጉልበቷ ከጠረጴዛዋ ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። እናት፣ የባላቸውን ነገር ከሰሙ አሥር ደቂቃ እንኳ ያልሞላቸው እናት፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እኔን! እኔን ልጄን!» አሉ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። የተባለ ሁሉ ይተረጎማል። አንድ ትንፋሽ ያህል ፈለግሁ፤ ከአንድ ቃል በቀር አላገኘሁም። «ሶሪ» አልኩ።

«ኧረ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለች ሐኪሟ፣ ፈጥና፣ በእንግሊዝኛ።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው እናትን።

እናት ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ ሐኪሟን ሳይሆን እኔን። «ማን ጥፋቴ ነው አለ?» አሉ። ከዚያም መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሟ ጉልበት በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ሳይበልዝ አሺው በላት» አሉኝ።

«አሺው ይላሉ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቷን አሸች።